ሳንቲሟ በየትኛው እጅ ናት?

መታለል የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በማር ስም የስኳር ውሃ የሸጠልንን ነጋዴ ሱቁን ለዘመድ ለወዳጅ እየጠቆምን "እዚያ እንዳትደርሱ" እንላለን። ቅቤዋ ውስጥ ሙዝ ያገኘች እመቤት ነገሩን ዓመቱን ሙሉ ስታወራው ትከርማለች። ታዲያ እኛው ራሳችን፣ አንድ ወጣት ብቅ ብሎ ሳንቲም ከጆሯችን ሥር ሲያወጣ፣ የጣታችንን ቀለበት ተቀብሎ ዓይናችን እያየ ሲሰውርብን እናጨበጭባለን። "እስቲ ድገመው!" እንላለን። ገንዘብ ከፍለን ገብተን የምንታለልም አለን። መታለል ይህን ያህል የሚያንገበግበን ከሆነ ይሄ ምን የሚሉት ደስታ ነው?

ጥያቄውን ያነሳሁት እንዲሁ ለመፈላሰፍ አይደለም። በየቤቱ ምትሃት የሚለማመዱ ልጆች በዝተዋል። ዩቲዩብና ቲክቶክ አስተማሪ ሆነዋል፤ ድሮ አንድ ሰው ዓመታት ሌላውን ተከትሎ የሚማረውን የእጅ ብልሃት ዛሬ ልጁ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይማረዋል። የወንድሜ ልጅ አንዱ ነው። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ እቤት በመጣ ቁጥር ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ጋሼ፣ እስቲ አንድ ካርታ ሳብ!" ይለኛል። እስባለሁ። ያውቃታል። አንዳንዴም አያውቃትም፤ ያኔ "አይ፣ አንተ አያያዝህ ልክ አይደለም" ብሎ ጥፋቱን ወደ እኔ ያዞራል። (ይሄኛውን ጠባይ ከየት እንደተማረው አላውቅም፤ ዩቲዩብ ላይ ያለ አይመስለኝም።)

የቋንቋ ነገር ደግሞ አለ። የድሮ የማስተማር አመል ነውና ታገሱኝ። "አስማት" በግዕዙ የ"ስም" ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች እንደማለት። በክታብ ላይ የሚጻፉትን፣ ኃይል አላቸው የሚባሉትን ኅቡእ ስሞች ያስታውሰናል። "ምትሃት" ግን ሌላ ነው። ያልሆነው ነገር ሆኖ ሲታይ ምትሃት ይባላል። ሐዋርያት በሌሊት ጌታን ባሕር ላይ ሲራመድ አይተው የጮኹት ምትሃት መስሏቸው ነበር። እንግዲህ አስማተኛ ኃይል አለኝ የሚል ሰው ነው፤ ምትሃተኛ ዓይንን የሚያሳስት ነው። እኛ ግን ሁለቱን እያቀያየርን እንጠራለን፤ መድረክ ላይ እርግብ የሚያወጣውንም ልጅ "አስማተኛ" እንለዋለን። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ መደበላለቅ ይመስለኛል። እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ጀማሪዎቹ ጠባይ ትንሽ ላውራ። ብልሃቱን ማወቅ ቀላል ሆኗል፤ የሚከብደው ጨዋነቱ ነው። ስለ እንግሊዛዊው ምትሃተኛ ዴቪድ ዴቫንት የሚነገር ወሬ አለ። አንድ ወጣት መጥቶ ወደ ሦስት መቶ የሚሆን ትርዒት እንደሚያውቅ ይነግረዋል። ዴቫንትም "እኔ ስምንት አውቃለሁ" አለው ይባላል። በዘመኑ ለንደን ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ብዙም አልነበረም። የእኛ ጀማሪዎች ማክሰኞ ያዩትን ረቡዕ ለእንግዳ ያሳያሉ። ካርታው ከእጃቸው ይወድቃል፤ "ቆይ ቆይ፣ እንደገና" ይላሉ። ቡናው ይቀዘቅዛል፤ ሰዉ ከትህትና የተነሳ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ሳይለማመዱ መቅረብ የችሎታ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ጊዜና ትዕግሥት ሳያስፈቅዱ መበደር ነው።

የቆዩት ሰዎች አንድን ትርዒት ለአንድ ተመልካች በአንድ ምሽት ሁለቴ አያሳዩም። ሰዉ "ድገመው" ሲል ደስ ይላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጊዜ የት እንደሚያይ ያላወቀ ዓይን በሁለተኛው ያውቃል። በሁለተኛው ላይ የሚጠፋው የልጁ ምስጢር ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ በመጀመሪያው ያገኘው ደስታም አብሮ ይጠፋል። የተዋሱትን ነገር እንደነበረ መመለስም አለ። ከእማማ የተወሰደ ሻሽ ሳይጨማደድ፣ ከአጎት የተወሰደ የብር ኖት ሳይቀደድ መመለስ አለበት። ሰዓት ተቀብሎ በፎጣ ጠቅልሎ በመዶሻ መምታት በትርዒት ዓለም የታወቀ ነው፤ ጀማሪው ግን ሰዓቱ በሰላም መኖሩን ራሱ እርግጠኛ ሳይሆን መዶሻ ባያነሳ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ የምቆምበት ግን ከተመልካች መሃል ተጠርቶ የሚወጣው ሰው ነው። ይህ ሰው የመጣው ሊያይ እንጂ ሊታይ አይደለም። ስሙ ሲጠራ "ኧረ እኔ ይቅርብኝ" ይላል፤ ጎረቤቶቹ ይገፋፉታል፤ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፊቱ በልጁ እጅ ነው። ከኪሱ የሴት የውስጥ ልብስ "አውጥቶ" ማሳቅ ይቻላል። በደንብ ያስቃል። ግን ሰውዬው ከሚስቱ ጋር መጥቶ ይሆናል፤ አለቃው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። እኛ አገር ደግሞ ፊት ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በአደባባይ የተሳቀበት ሰው ሳቁን ለዓመታት ይዞት ይዞራል። የቆየ ባለሙያ ሰውዬውን የሚያስወጣው በአንድ ሐሳብ ነው፤ ትርዒቱ ሲያበቃ ከማንም የበለጠ የሚጨበጨብለት ይህ ሰው እንዲሆን። "የቻልነው እሱ ስላገዘን ነው" ብሎ በክብር ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሃዋርድ ተርስተን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የሞተው። ዴል ካርኔጊ የአለባበሱ ክፍል ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል፤ ያንን የተረከበት መጽሐፍ በአማርኛም ስለተተረጎመ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። ተርስተን እንዳለው ብዙ ምትሃተኞች ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆነው ሰዉን አይተው በልባቸው "ዛሬ የመጣው ሁሉ ፋራ ነው፤ እሸውደዋለሁ" ይላሉ። እሱ ግን ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር፣ ኑሮዬን የሰጡኝ እነዚህ ሰዎች ናቸውና እወዳቸዋለሁ እያለ ለራሱ ይደጋግም ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቁ ነበር፤ የአሜሪካኖች ስሜታዊነት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ነገሩን እንደ ሙያ ትምህርት ነው የማየው። ተመልካቹን ፋራ ብሎ የጀመረ ልጅ እጁ ምንም ያህል ቢፈጥን ንቀቱ በዓይኑ ይታያል፤ የተናቀ ሰው ደግሞ መደነቁን ትቶ ሌባ መጠበቅ ይጀምራል።

ሌባ ካልን አይቀር፣ አዲስ አበባ ላይ የታወቀው "ሿሿ" አለ። ሚኒባስ ውስጥ ትገባላችሁ። ተሳፋሪ የሚመስሉት ሁሉ አብረው የሚሠሩ ናቸው። አንዱ በሩ አልተዘጋም ይላል፤ ሌላው ይጋፋል፤ ሦስተኛው ይቅርታ ይጠይቃል፤ እናንተ ወደ በሩ ስታዩ ስልካችሁ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ "ውረዱ፣ አንሄድም" ይሏችኋል። እንደ ሥራ ካየነው ሙሉ የምትሃት ትርዒት ነው። የዓይንን አቅጣጫ መቀየር አለ፤ የተዘጋጀ ንግግር አለ፤ ተመልካች መስሎ የተቀመጠ ረዳት አለ፤ የእጅ ፍጥነት አለ። መድረክ ላይ ቢሆን እናጨበጭብ ነበር። ልዩነቱ ታዲያ ስልኩ መሄዱ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ሌላ ቀን ስልኩን ቢመልሱልን እንኳ የሆነ ነገር እንደተወሰደብን ይሰማናል። ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ ጨዋታ ውስጥ እንደገባን አላወቅንም። ትርዒት ቤት ስንገባ ግን ውል አለን። ልጁ "አታልላችኋለሁ" ይላል፤ እኛ "እስቲ ሞክር" እንላለን። ስለዚህ ምትሃተኛ የሚዋሸው ስለ ሳንቲሟ ነው፤ ስለ ራሱ ግን አይዋሽም።

ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል። ችግሩ ምስጢር የሚባል ነገር በመካከል መኖሩ ነው። በዚህ ሙያ ትልቁ ሕግ "እንዴት እንደተሠራ አትናገር" ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የምትሃተኞች ማኅበር፣ ማጂክ ሰርክል፣ ምስጢር አለማውጣትን በላቲን መፈክሩ አድርጎታል፤ ይህን ያፈረሰ አባል ይባረራል። እሺ፣ እናክብርላቸው። ምስጢር ግን ሰውን እንዴት እንደሚያጣምመው ከዚሁ ማኅበር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማኅበሩ እስከ 1991 ድረስ ሴት አባል አይቀበልም ነበር። ሶፊ ሎይድ የምትባል ተዋናይት ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍታ፣ ሰውነቷን በልብስ አወፍራ፣ እጇን በጓንት ሸፍና "ሬይመንድ ሎይድ" የተባለ ወጣት ሆና ቀረበች። ፈተናውን አለፈች፤ ተመዘገበች። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ለሴቶች በሩን ሲከፍት "ሬይመንድ እኔ ነኝ" ብላ ራሷን ገለጠች። አባረሯት! ምክንያታቸው ምን ነበር? አታላይነት። ሥራቸው ማታለል የሆነ ሰዎች፣ በራሳቸው ሙያ፣ በራሳቸው ቤት፣ ፈታኞቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተሸወዱና ተቀየሙ። አባልነቷን የመለሱላት በ2025 ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ያዘኑት ውል ስለፈረሰ ነው ብሎ የሚከራከርላቸው ይኖራል። እኔ ግን በሩን ለሰው ግማሽ ዘግቶ ስለ ውል ማውራት አይጥመኝም።

እና ምስጢርና ውሸትን የሚለየው ምንድነው? ለወንድሜ ልጅ ያልኩት እንዲህ ነበር፤ "እንዴት እንደሠራኸው የአንተ ነው፤ ብልሃት መሆኑ ግን የተመልካቹ ነው። የመጀመሪያውን መደበቅ ትችላለህ፤ ሁለተኛውን ግን አትችልም።" ልጁም "ጋሼ፣ ይሄማ ግልጽ ነው" አለኝ። ግልጽነቱ የቆየው አንዲት ጎረቤታችን እስክትመጣ ነው።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው። ልጁ ለሴቶቹ የሳንቲም ጨዋታ አሳየ። አንዷን ጎረቤታችንን፣ ስድሳውን ያለፉ ናቸው፣ ሳንቲም ሰጥቷቸው ዞር አለ። "ከኋላዎ አድርገው በአንደኛው እጅዎ ይደብቁ፤ ከዚያ ሁለቱንም ጨብጠው ያውጡልኝ" አላቸው። አወጡ። ትክ ብሎ ፊታቸውን አየና "ቀኝ" አለ፤ ልክ ነው። እንደገና፤ "ግራ"፤ ልክ ነው። አምስት ጊዜ አከታትሎ አልሳተም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ችግሩ ያለው አፉ ላይ ነበር። ዩቲዩብ ላይ እንዳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደምዎ ይነግረኛል… ከእኔ የሚደበቅ ነገር የለም" ይል ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እኚያ እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ልጁን ለብቻው ጠሩት፤ እኔ በረንዳው ላይ ስለነበርኩ ይሰማኛል። ከጡታቸው መሃል በመሃረብ የተቋጠረ ብርና አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ። ልጃቸው ነው። በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መጨረሻ የደወለው ከሊቢያ ነበር። "ልጄ፣" አሉት፣ "ብዙ እንድትነግረኝ አልፈልግም። ከሁለት እጄ የቱ እንደሆነ አውቀህ የለም? አሁንም ሁለት ነገር ነው ያለው። አለ ወይስ የለም? አንዱን ብቻ በለኝ።"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ልጁ "አለ" ሊል ምንም እንዳልቀረው በኋላ ነግሮኛል። ምን ይጎዳል? ሴትዮዋ ያን ሌሊት ይተኛሉ። ደግሞም እኛ በዚህ ረገድ ልምድ ያለን ሕዝብ ነን። መርዶ እንደብቃለን። ዘመዱ የሞተበትን ሰው "ትንሽ አሞታል" እያልን፣ ወዳጅ ዘመድ እስኪሰባሰብ ጠብቀን፣ በማለዳ በሩን እናንኳኳለን። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አይከስሰንም፤ እንዲያውም ያለ ጊዜው የተናገረው ነው ነውረኛ የሚባለው። ታዲያ ለአንዲት እናት "አለ" ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

ብዙ አሰብኩበት። የሚለይ ይመስለኛል፤ ለዚያውም በጣም። መርዶ የሚደብቅ ሰው እውነቱን ያውቃል። ለባለቤቱ በአደራ ይዞለታል፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ያስረክበዋል። ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ ዕድሩ፣ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ አብሮት ተሸክሞታል። ልጁ ግን በእጁ ምንም የለም። "አለ" ቢል የሚሰጣቸው ባዶ እጁን ነው። ሴትዮዋም በዚያ አይቆሙም። ነገ "ታሟል ወይስ ደህና ነው?" ይላሉ። ከነገ ወዲያ "ገንዘብ ልላክለት? ለማን ልስጥ?" ይላሉ። በሊቢያ መንገድ ልጃቸው የጠፋባቸውን እናቶች እየፈለገ "ልጅሽ እኔ ጋ ነው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሞልቷል፤ እኚህ እናት "አለ" የሚል ምስክር ይዘው ቢጠብቁት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። "የለም" ቢልስ? እሱን አላነሳውም።

ልጁ፣ ይባረክና፣ "እትዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሳንቲሟ ጨዋታ ናት" አላቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ዝም አሉ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው "ገባኝ" አሉ። "ደብቀኸኝ ነው። ክፉ ነገር አይተህ ነው።" ማልቀስ ጀመሩ። ለካስ መርዶ መደበቅ ያስተማረን ሌላም ነገር አለ፤ "አላውቅም" የሚለን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለናል። ልጁ ቢምልም ቢገዘትም ዋጋ አጣ። እንግዲህ ብልሃት መሆኑን ተናግሯል፤ እኔ ባወጣሁለት ሕግ ዕዳውን ከፍሏል። ሴትዮዋ ግን በገዛ ቃሉ ልጃቸውን እየቀበሩ ነው።

ሳንቲሟን ከኪሱ አወጣ። አጠገባቸው ተቀመጠና እንዴት እንደሚያውቅ አንድ በአንድ አሳያቸው። (እዚህ አልጽፈውም፤ ምስጢሩ የእሱ ነው።) ከዚያ ሳንቲሟን ሰጥቷቸው ራሳቸው እንዲሞክሩት አደረገ። ሁለቴ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው አወቁ። "ይቺው ናት?" አሉ። "ይቺው ናት" አላቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "አንተ ቀጣፊ!" ብለው ትከሻውን መቱት። ብሩን መልሰው ቋጠሩት።

ከሙያው ሕግ አንፃር ልጁ አጥፍቷል። የለንደኖቹ ቢሰሙ ያባርሩታል መሰለኝ። እኔ ግን የራሴን ሕግ በዚያው ለቀም አድርጌ አረምኩት። "መሆኑ" የተመልካቹ ነው ካልን፣ ተመልካቹ "መሆኑን" ያለ "እንዴቱ" ማመን ሲያቅተው፣ እንዴቱም የእሱ ይሆናል። ለዚህ ጥንታዊ ምስክር አለ። ሬጅናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1584 ስለ ጥንቆላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ ምስኪን አሮጊቶች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ ይሰቀሉ ነበር። ስኮት ብዙው ተአምር የእጅ ብልሃት መሆኑን ለማሳመን የሳንቲሙን፣ የኳሱን፣ ክንድ ወግቶ የሚያልፍ የሚመስለውን ካራ አሠራር በሥዕል ጭምር ገለጠው። ስለ ምትሃት አሠራር በእንግሊዝኛ ከታተሙት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው። ይህ የሙያ መጽሐፍ የተጻፈው እንግዲህ ሰው እንዳይሰቀል ነው።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት የዘመኑን ታላቅ ምትሃተኛ ዣን ዩጂን ሮበር ኡደንን ወደ አልጀርስ ላከው። ሥራው በአገሬው ዘንድ የተከበሩት የሃይማኖት ሰዎች ከሚያደርጉት የፈረንሳዩ ተአምር እንደሚበልጥ ማሳየት ነበር። ኡደን አንዲት ትንሽ ሣጥን አቀረበ፤ ሕፃን የሚያነሳት ሣጥን ናት። አንድ ጠንካራ ጎልማሳ አስወጣና "ኃይልህን እወስድብሃለሁ" አለው። ሰውዬው ቢታገል ቢታገል ሣጥኗ ንቅንቅ አልል አለች። ከመድረኩ በታች ኤሌክትሮማግኔት ነበረ፤ የሣጥኗ ወለል ብረት ነው። ይባስ ብሎ በመያዣው በኩል ኤሌክትሪክ ለቀቀበት፤ ሰውዬው ጮኾ ሸሸ። ኡደን በትዝታው፣ በኋላ በአስተርጓሚ ነገሩ ጥበብ እንጂ ተአምር አለመሆኑን እንዳስነገረ ጽፏል። ይሁን። ያ ጎልማሳ ግን በአገሩ፣ በወገኑ ፊት፣ ጉልበቱን ተቀምቶ ሮጦ ወጥቷል፤ አስተርጓሚው ያን አይመልስለትም። ከተመልካች መሃል ተጠርቶ ስለሚወጣው ሰው ያልኩትን አስታውሱልኝ።

የጎረቤታችንን ነገር ሳስብ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ግን ሁዲኒ ነው። ከሰንሰለትና ከታሸገ ሣጥን እያመለጠ ዓለምን ያስደነቀው ሃሪ ሁዲኒ እናቱን በጣም ይወድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ሞተችበት። ከሙታን ጋር እናገናኛለን የሚሉ ሰዎች በሞሉበት ዘመን፣ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ ሰር አርተር ኮናን ዶይል ወዳጁ ነበር፤ ዶይል ደግሞ በዚህ ነገር አማኝ ነው። በ1922 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዶይል ሚስት የሁዲኒን እናት መንፈስ አናግሬ ነው ብላ ገጾች ሙሉ ደብዳቤ ጻፈችለት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ራስጌው ላይ መስቀል አለበት። እናቲቱ እንግሊዝኛ በቅጡ የማትችል፣ የአይሁድ ረቢ ሚስት ነበረች። ሁዲኒ በቀረው ዕድሜው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሲያጋልጥ ኖረ።

በዚያው ሰሞን ነው ራሱ ለዶይል አንድ ትርዒት ያሳየው። ዶይል ከቤት ወጥቶ ማንም ሳያየው በወረቀት ላይ ቃል ጻፈ፤ ሲመለስ ቀለም የተነከረች የቡሽ ኳስ በሰሌዳ ላይ እየተንከባለለች ያንኑ ቃል ጻፈችለት። ሁዲኒ "ይሄ ብልሃት ነው፤ እንዴት እንደሠራሁት አልነግርህም፤ ብቻ ያልገባህን ነገር ሁሉ የመንፈስ ሥራ ነው አትበል" አለው። ዶይል አላመነውም። ሁዲኒ መንፈሳዊ ኃይል እንዳለውና እንደሚደብቀው እርግጠኛ ሆኖ ኖረ፤ ሁዲኒ ከሞተ በኋላም ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። ሁዲኒ እንደ የወንድሜ ልጅ ሳንቲሟን አውጥቶ ቢያሳየው ኖሮስ? ምናልባት ወዳጅነታቸው ይተርፍ ነበር። ምናልባትም አይተርፍም፤ ዶይል ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ልጁን አጥቶ ነበር፤ "ይቺው ናት?" ብሎ ትከሻ ለመምታት የሚፈቅድ ኀዘን አልነበረም የያዘው።

ልጄን ያላችሁ፣ ካርታ በእጁ ይዞ የሚዞር ወጣት ያላችሁ፣ ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። የወንድሜ ልጅ ዛሬም ካርታ ያስስበኛል። ሳንቲሟንም ያሳያል፤ "ደምዎ ይነግረኛል" የሚለውን ግን ትቶታል፤ በምትኩ "ሰባት ወር ፈጅቶብኛል" ይላል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይበልጥ ይደነቃሉ።

ሁዲኒ የሞተው ጥቅምት 31 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ነው። ከመሞቱ በፊት ከባለቤቱ ከቤስ ጋር፣ ከሞት ወዲያ መናገር ከተቻለ ሊልክላት ያለውን ምስጢራዊ ቃል ተስማምተው ነበር። ቤስ በትርዒቶቹ አብራው መድረክ ላይ የነበረች፣ ሣጥኑ በየት በኩል እንደሚከፈት የምታውቅ ሴት ናት። ከሞተበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ጠበቀችው። በአሥረኛው ዓመት፣ በ1936፣ ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው ስሙን እየጠሩ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ቤስ ከፎቶው አጠገብ ስትነድ የኖረችውን መብራት አጠፋቻት።